ቦርከና ላይ የተሰቀለ ራዳር፦ የአንድ ክረምት ሙከራ

ይህ ግምገማ የሚመለከተው በ80 ጊጋኸርዝ የሚሠራ፣ ውሃውን ሳይነካ ከላይ ወደ ታች እየተመለከተ ከፍታውን የሚለካ አንድ አነስተኛ የራዳር መሣሪያ ነው። ካለፈው ሰኔ ማብቂያ አንሥቶ እስከ መስከረም አጋማሽ ድረስ ኮምቦልቻ ውስጥ ቦርከናን ከሚያሻግሩት ድልድዮች በአንዱ ሥር፣ የሚመለከታቸውን አስፈቅጄ፣ ሰቅዬ ስከታተለው ከርሜአለሁ። የአምራቹንም ሆነ የሻጩን ስም አልጠቅስም፤ የምናገረው አብዛኛው ነገር በዚህ ክፍል ላሉ መሣሪያዎች ሁሉ፣ ከየትም ፋብሪካ ቢወጡ፣ የሚሠራ ነውና። ፍርዴን አስቀድሜ ላስቀምጥ። መሣሪያው ለተሠራለት ሥራ እጅግ የታመነ ነው፤ ነገር ግን ከፋብሪካ ሲወጣ ተስተካክሎ የሚመጣው ለረጋ የጋን (የፋብሪካ ማጠራቀሚያ) ፈሳሽ እንጂ ለሚናወጥ ውሃ ስላልሆነ፣ የውሃውን ጠባይ ሳያጠና ሰቅሎት የሚሄድ ሰው ትክክለኛ የሚመስል የተሳሳተ ቁጥር ይዞ ይቀራል።

ሙያዬ የፋብሪካ መቆጣጠሪያ መሣሪያዎችን መትከልና መጠገን ስለሆነ የጋን ራዳር ለዓመታት በእጄ ያለፈ ዕቃ ነው። ይህኛውን በራሴ ገንዘብ የገዛሁት ግን ለሌላ ምክንያት ነው። አባቴ በአሰብ መንገድ የከባድ መኪና ሹፌር ነበር። ከኮምቦልቻ በባቲ አድርጎ ወደ አፋር ቆላ ወርዶ፣ ወደቡ ዘንድ ደርሶ ሲመለስ፣ ከጭነቱም ከመንገዱም ይልቅ የሚያወራልን ስለ ባሕሩ ነበር፤ ውሃው ተኝቶ እንደሚተነፍስ ሰው ደረት ከፍ ዝቅ እንደሚል ይነግረን ነበር። «ስንት ክንድ ከፍ ይላል?» ብዬ ስጠይቀው መልስ አልነበረውም። አድጌ ሙያውን ከያዝኩ በኋላ፣ በሰሜን ባሕር ላይ የተተከሉ የነዳጅና የጋዝ ማውጫ መድረኮች ያንኑ ጥያቄ ሌሊትና ቀን በራዳር ሲመልሱ እንደሚኖሩ አነበብኩ፤ ፋብሪካ ውስጥ የምጠግነው ዕቃም የዚያው ዘር መሆኑን ተረዳሁ። እኛ ዘንድ ባሕር የለም፤ ቦርከና ግን ደሴን አቋርጦ ወርዶ በደጃችን ያልፋል። ስለዚህ ከባሕሩ ትምህርት እዚህ ሊፈተን የሚችለውን ያህል እዚህ ልፈትነው ወሰንኩ።

የአሠራሩን መሠረት መናገር አይከብድም። መሣሪያው የማይክሮዌቭ ሞገድ ወደ ታች ይልካል፤ ሞገዱ የውሃውን ገጽ መትቶ ይመለሳል፤ ደርሶ ለመመለስ የፈጀበት ጊዜም ርቀቱን ይናገራል። አስቸጋሪው የጊዜው ማጠር ነው። የራዲዮ ሞገድ በሰከንድ 300,000 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሚጓዝ፣ 7 ሜትር ዝቅ ብሎ ካለ ውሃ ደርሶ ለመመለስ የሚፈጅበት 47 ናኖሰከንድ ገደማ ነው፤ አንድ ናኖሰከንድ ደግሞ የሰከንድ አንድ ቢሊዮንኛ ነው። ይህን በሰዓት ቆጥሮ ሚሊሜትር ማግኘት ስለሚከብድ፣ በዚህ ክፍል ያሉ ራዳሮች ሌላ ዘዴ ይጠቀማሉ። አንድ አዝማሪ ጣቱን በማሲንቆው ጭራ ላይ እያንሸራተተ ድምፁን ከወፍራም ወደ ቀጭን ያለማቋረጥ ቢወስደውና ከፊቱ ካለው ገደል ማሚቶው ቢመለስለት፣ የሚመለሰው ድምፅ ቀደም ብሎ የተመታው ስለሆነ አሁን ከሚመታው ይልቅ ወፈር ያለ ይሆናል፤ ገደሉ በራቀ ቁጥርም በሁለቱ ድምፆች መካከል ያለው ልዩነት ይሰፋል። ራዳሩም እንዲሁ ድግግሞሹን፣ ማለትም ሞገዱ በሰከንድ የሚርገበገብበትን ቁጥር፣ እያንሸራተተ ይልካል፤ በሚላከውና በሚመለሰው መካከል ያለውን ልዩነት ይለካል፤ ከልዩነቱም ርቀቱን ያወጣል። የገዛሁት መሣሪያ በዚህ ዘዴ እስከ 15 ሜትር ድረስ በ2 ሚሊሜትር ስሕተት ውስጥ እለካለሁ ይላል። ከመስቀሌ በፊት ግቢዬ ውስጥ ጠፍጣፋ ቆርቆሮ አቁሜ በብረት ሜትር በተለያየ ርቀት አስተያይቼዋለሁ፤ የተባለውን ያህል ታማኝ ሆኖ አግኝቼዋለሁ።

በባሕር መድረክ ላይ የሚሰቀለው የዚህ ታላቅ ወንድም ነው። ብዙዎቹ በ10 ጊጋኸርዝ አካባቢ ይሠራሉ፤ የሞገዳቸው ርዝመት 3 ሴንቲ ሜትር ያህል ሲሆን የእኔው ከ4 ሚሊሜትር አይበልጥም። የጨረሩ ስፋት 10 ዲግሪ ቢሆንና መሣሪያው ከባሕሩ 25 ሜትር ከፍ ብሎ ቢሰቀል፣ ውሃው ላይ የሚያርፈው ክብ ከዳር እስከ ዳር ከ4 ሜትር ያልፋል። ይህ ለጥቃቅን ሽብሽብ ሰፊ ነው፤ ነገር ግን የማዕበል ነፋስ የሚያስነሣቸው ታላላቅ ማዕበሎች ከአንዱ ጫፍ እስከ ቀጣዩ ጫፍ ከ200 ሜትር በላይ ሊረዝሙ ስለሚችሉ ለእነርሱ ነጥብ ያህል ነው። መሣሪያው በሰከንድ ቢያንስ ሁለት ጊዜ፣ ብዙ ጊዜም ከዚያ በላይ፣ እየለካ በተለምዶ የ20 ደቂቃ መዝገብ ይሠራል። ከመዝገቡም «ጉልህ የማዕበል ከፍታ» ሊባል የሚችለው ቁጥር ይወጣል፤ ይኸውም ከተመዘገቡት ማዕበሎች ውስጥ ትልልቆቹን አንድ ሦስተኛ ወስዶ ከፍታቸውን በአማካይ ማስላት ነው። ይህን ልኬት በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የውቅያኖስ ተመራማሪዎቹ ሃራልድ ስቬርድሩፕና ዋልተር ሙንክ፣ ወታደሮች ከመርከብ ወደ ባሕር ዳርቻ የሚወርዱበትን ቀን ለመተንበይ አበጁት፤ የሠለጠነ ዓይን ባሕሩን አይቶ «ይህን ያህል ነው» ብሎ ከሚገምተው ጋር የሚቀራረብ ሆኖ ስለተገኘም እስከ ዛሬ ይሠራበታል።

ከላይ ወደ ታች መመልከት ምን ያህል እንደሚጠቅም ያሳየው የታወቀው ቀን እ.ኤ.አ. 1 ጃንዋሪ 1995 ነው። በሰሜን ባሕር በኖርዌይ ክልል፣ 70 ሜትር ጥልቀት ባለው ውሃ ላይ በቆመው የድራውፕነር መድረክ ላይ፣ ወደ ታች የሚመለከት የሌዘር መለኪያ ከግርጌ እስከ ጫፍ 25.6 ሜትር የሆነ አንድ ማዕበል መዘገበ፤ ጫፉ ከረጋው የባሕር ገጽ 18.5 ሜትር ከፍ ብሎ ነበር። በዚያ ሰዓት ጉልህ የማዕበል ከፍታው 12 ሜትር ያህል ስለነበር፣ ይህ አንድ ማዕበል ከዚያ ከእጥፍ በላይ ነበረ ማለት ነው። መርከበኞች ለዘመናት ሲናገሩት ኖረው ብዙ ሰው ማጋነን ነው ሲለው የነበረው ነገር በዚያ ቀን በመሣሪያ ተጻፈ። የታችኛው የመድረኩ ክፍል ላይ የደረሰው ቀላል ጉዳትም ንባቡ የመሣሪያ ስሕተት እንዳልነበረ አረጋገጠ። የለካው ሌዘር እንጂ ራዳር አልነበረም፤ አቀማመጡና አስተሳሰቡ ግን አንድ ነው። ሌዘር ከራዳር የሚያንሰው በጉምና በውሃ ብናኝ ጊዜ ነው። የጦሳን ተራራ የሚሸፍነው የክረምት ጉም ደሴ ላይ ሲወርድ የመኪና መብራት እንዴት እንደሚበተን ያየ ሰው ይህን ለመረዳት አይቸገርም፤ ሴንቲ ሜትሮች ርዝመት ላለው የራዳር ሞገድ ግን የጉም ጠብታ ከቁጥር የሚገባ እንቅፋት አይደለም።

አሁን ወደ ቦርከና ልመለስ። መሣሪያውን በሰቀልኩ በመጀመሪያው ሳምንት ያገኘሁት መዝገብ አስደንቆኝ ነበር። ከፍ ያለ ዝናብ በጣለበት ቀን እንኳ መስመሩ እንደ ተጠረበ እንጨት ለስላሳ ነበር፤ ድልድዩ ላይ ቆሜ ወንዙን ሳየው ግን ውሃው ይንተከተክ ነበር። ሁለቱ አልተስማሙልኝም። በብሉቱዝ ገብቼ ቅንብሩን ስመረምር ምክንያቱ ተገለጠ፤ መሣሪያው የለካውን ሁሉ በብዙ ሰከንዶች ላይ እያማከለ ነበር የሚያወጣው። የጋን ባለቤት ፈሳሹ ሲቀዳ የሚፈጠረውን ንውጥውጥታ ማየት አይፈልግም፤ የሚፈልገው ጋኑ ውስጥ ስንት እንዳለ ብቻ ነው። ስለዚህ አምራቹ ንውጥውጥታውን እንደ ረብሻ ቆጥሮ አስቀድሞ ያጠፋዋል። የባሕሩ መሣሪያ ደግሞ የሚኖረው ለዚያ ረብሻ ነው፤ አማካዩን ብቻ ቢያወጣ ኖሮ የ1995ቱን ማዕበል ማንም አያውቀውም ነበር። ሁለቱን የሚለያቸው ትልቁ ነገር የአንቴናው ቅርጽ ወይም የድግግሞሹ መጠን ነው ብዬ ገምቼ ነበር። ከዚህ ክረምት በኋላ ግን ዋናው ልዩነት በዚህ ማለስለሻ ቅንብር ውስጥ ያለ ይመስለኛል፤ ስለ ቅንብሩ የመመሪያው መጽሐፍ የሚናገረው ሁለት መስመር ብቻ ነው፤ ይህንም ከመሣሪያው ዋና ጉድለቶች እንደ አንዱ እቆጥረዋለሁ።

ማለስለሻውን ወደ ዜሮ ካወረድኩት በኋላ ወንዙ በመዝገቡ ላይ ሕይወት ዘራ። ነገር ግን ሌላ ጥፋት አብሮ ታየ፤ ይህኛው የመሣሪያው ሳይሆን የእኔው ነበር። መጀመሪያ የሰቀልኩት ለብየዳና ለመሰላል ስለሚመች ከድልድዩ አንድ ምሰሶ አጠገብ ነበር። በሐምሌ መጀመሪያ አካባቢ ከወንዙ ዳር አትክልት የሚያለሙ አንድ አዛውንት ሥራዬን ቆመው ሲመለከቱ ቆዩና «ልጄ፣ እዚያ ጋ ውሃው ምሰሶውን ሲያገኝ ያብጣል፤ የምትለካው ቦርከናን ነው ወይስ ምሰሶውን?» አሉኝ። «አባባ፣ ለመሰላሉ ስለሚመቸኝ ነው» ብላቸው «አብሽር፣ ወደ መካከል አውጣውና ያኔ እውነቱን ይነግርሃል» ብለው ሄዱ። በማግሥቱ ከድልድዩ መካከል ላይ በቀለም ከተሰመረ ዘንግ ጋር ሳስተያየው ልክ ነበሩ። ውሃው ደራሽ ሲሆን ምሰሶው ፊት ለፊት ተከምሮ ይቆማል፤ ከጀርባው ደግሞ ይጎደጉዳል። መሣሪያዬ ለቀናት ሲለካ የነበረው ያንን ክምር ነበር፤ የእርሱም ስሕተት እኔ ስለሚሊሜትር ስጨነቅበት ከነበረው ሁሉ በብዙ እጥፍ ይበልጥ ነበር።

የባሕር መድረኮች የሚታገሉትም ከዚሁ ጋር ነው። መድረኩ ራሱ የሚለካውን ባሕር ያውካል። ማዕበል ወፍራም የኮንክሪት እግር ሲያገኝ በእግሩ ላይ ይወጣል፣ ይበተናል፣ ወደ ኋላም ይመለሳል፤ ቀጫጭን የብረት ዘንጎች ባሉት መድረክ ሥር ግን በአመዛኙ ያልፋል። ስለዚህ የባሕር ራዳር በተቻለ መጠን ከእግሮቹ ርቆ፣ ነፋሱና ማዕበሉ ከሚመጡበት ወገን ይሰቀላል። ከሁሉ ደስ ያሰኘኝ ምሳሌ በሰሜን ባሕር ያለው የኤኮፊስክ የነዳጅ መስክ ነው፤ እዚያ አራት ሌዘሮች በካሬ ተደርድረው የተሰቀሉት ሁለት መድረኮችን በሚያገናኝ ድልድይ ላይ ነው። 9 ኖቬምበር 2007 ላይ ጉልህ ከፍታው 9.2 ሜትር በነበረ ባሕር ውስጥ 21.1 ሜትር የሆነውን፣ በኋላ «አንድሪያ» የተባለውን ማዕበል የመዘገቡት እነርሱ ናቸው። አዛውንቱ ለእኔ የነገሩኝና በሰሜን ባሕር ያሉ መሐንዲሶች የመረጡት አንድ ነገር ነው፤ ከምሰሶው ርቆ ድልድይ መካከል መቆም።

ስለ ኤኮፊስክ ከተነሣ አንድ ነገር ልጨምር፤ ለእኛም ድልድዮች ይጠቅማልና። ወደ ታች የሚመለከት ራዳር በቀጥታ የሚለካው የማዕበሉን ከፍታ አይደለም፤ ከመድረኩ ሆድ እስከ ውሃው ገጽ ያለውን ባዶ ክፍተት ነው። ኤኮፊስክ ላይ ነዳጁ ከሥር እየወጣ ሲሄድ የባሕሩ ወለል ሰመጠ፤ መድረኮቹም አብረው ወረዱና ክፍተቱ ጠበበ። እ.ኤ.አ. በ1987 የብረት መድረኮቹን በሃይድሮሊክ ማንሻ 6 ሜትር ከፍ ማድረግ ግድ ሆነ። ድልድይም እንዲሁ ነው። የድልድዩ ተቆጣጣሪ በቅድሚያ ሊያውቀው የሚገባው ወንዙ ከባሕር ጠለል በላይ ስንት ሜትር ላይ እንዳለ ሳይሆን፣ ግንድና ቁጥቋጦ ተሸክሞ የሚመጣው ጎርፍ የድልድዩን ሆድ ሊመታ ስንት እንደቀረው ነው። ይህን ቁጥር መሣሪያው ያለ አንዳች ስሌት በቀጥታ ይሰጣል፤ ከምወድለት ነገሮች ዋናውም ይኸው ነው።

የአሰቃቀሉ ቀጥተኛነት ከጠበቅኩት በላይ አስፈላጊ ሆኖ አገኘሁት። የረጋ ውሃ ለራዳር ሞገድ መስታወት ነው፤ መሣሪያው ጥቂት ዲግሪ እንኳ ካዘነበለ ማሚቶው ወደ ሌላ አቅጣጫ ይንጸባረቅና አይመለስም። በሰኔ መጨረሻ ወንዙ ገና ጎድሎና ረግቶ ሳለ ምልክቱ በተደጋጋሚ የደከመብኝ በዚህ ምክንያት ነበር። ግንበኞች በሚጠቀሙበት ውሃ ልክ ሳስተካክለውና በቱንቢ ሳረጋግጠው ወዲያው ጠነከረ። ውሃው ሲናወጥ ግን ነገሩ ይቀየራል፤ ሽብሽቡ ሞገዱን በየአቅጣጫው ስለሚበትነው የተወሰነው ሁልጊዜ ወደ አንቴናው ይመለሳል። ባሕር ፈጽሞ ስለማይረጋ የባሕር መሣሪያዎች በዚህ ብዙም አይቸገሩም። ቦርከና ግን በበጋ ኩሬ ሊመስል ስለሚችል እዚህ የሚሰቅል ሰው ለውሃ ልኩ አይሰልች።

ከዚህ በፊት የአልትራሳውንድ መለኪያ ነበረኝ፤ ዋጋው የዚህ ግማሽ አይሞላም። ብዙ ሰው እርሱን ለምን አልመረጥክም ብሎ ይጠይቀኛል። መልሱ የኮምቦልቻ ፀሐይ ነው። ድምፅ በአየር ውስጥ የሚጓዝበት ፍጥነት የአየሩ ሙቀት በአንድ ዲግሪ ሲጨምር በሰከንድ 0.6 ሜትር ያህል ይጨምራል። በ20 ዲግሪ የሙቀት ልዩነት፣ ማካካሻ ከሌለው፣ በ7 ሜትር ርቀት ላይ ስሕተቱ 25 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይደርሳል። ማካካሻ ቴርሞሜትር ቢኖረውም እንኳ የሚለካው በራሱ ሽፋን ውስጥ ያለውን ሙቀት ነው፤ ድልድዩ በፀሐይ ግሎ ከሥሩ ያለው የውሃ ዳር አየር ቀዝቃዛ ሲሆን ሁለቱ አይገናኙም። የራዳር ሞገድ ግን በአየር ሙቀት የሚደርስበት ለውጥ በዚህ ርቀት ከጥቂት ሚሊሜትር አያልፍም። ለጥዋትና ለቀትር ንባብ አንድ መሆን ብቻ እንኳ የከፈልኩት ተጨማሪ ገንዘብ ተገቢ ነበር እላለሁ።

በነሐሴ አጋማሽ አንድ ሌሊት ደራሽ መጣ። መዝገቡ ላይ ውሃው ግማሽ ሰዓት ባልሞላ ጊዜ ከአንድ ሜትር በላይ ሲነሣ ይታያል፤ መስመሩም ከመነሣቱ ጋር አብሮ ይንቀጠቀጣል። በመካከሉ ሁለት ሦስት ቦታ እንደ መርፌ የሾሉ ንባቦች አሉ፤ በማግሥቱ ምሰሶዎቹ ላይ ተጠላልፈው ያገኘኋቸውን የባሕር ዛፍ ግንዶችና ቅርንጫፎች ሳይ እነዚያ ንባቦች ከላይ ተንሳፍፈው ያለፉ ግንዶች ናቸው ብዬ አምኛለሁ። ባሕር ላይ ደግሞ ይህን የሚያመጣው ከማዕበሉ ጫፍ የሚረጨው ብናኝና አረፋ ነው። አንዲት የሾለች ንባብ እውነተኛ ማዕበል መሆን አለመሆኗን ለመለየት የሚታየው ቅርጿ ነው፤ እውነተኛ ማዕበል በተከታታይ ነጥቦች ተነሥቶ በተከታታይ ነጥቦች ይወርዳል፣ ብናኝና ግንድ ግን ድንገት ብቅ ብሎ ድንገት ይጠፋል። ይህን ለመመርመር መሣሪያው የማሚቶውን ሙሉ ምስል በስልክ ላይ ያሳያል፤ በዚያ ሌሊት ግን ዝናቡ ውስጥ ድልድዩ ሥር መቆም አይታሰብምና አላየሁትም። ምስሉን ከርቀት የሚልክ ወይም በየጊዜው የሚያስቀምጥ ቢሆን ኖሮ መሣሪያው በእጅጉ የተሻለ ይሆን ነበር።

ዝናቡ ራሱ አላሳሰበኝም። በ80 ጊጋኸርዝ የሚሠራ ሞገድ ከ10 ጊጋኸርዙ ይልቅ በዝናብ በብዙ የሚዳከም ቢሆንም፣ በ7 ሜትር መንገድ ላይ ይህ ከቁጥር አይገባም። የሚያስቸግረው የአንቴናው ሌንስ ላይ የሚንጠለጠል ጠብታና በእርሱ ዙሪያ የሚደራው የሸረሪት ድር ነው፤ በየሁለት ሳምንቱ በእርጥብ ጨርቅ መወልወል ይበቃል።

ስለ መዝገብ አያያዝ ለሚገዙ ባለሙያዎች የምመክረው አንድ ነገር አለ። ውጤቱ የሚወጣው ከ4 እስከ 20 ሚሊአምፔር ባለው የተለመደ የኤሌክትሪክ ምልክት መስመር ሲሆን፣ እንደመጣ ከተጠቀሙበት 15 ሜትሩ በሙሉ በዚያ ላይ ይዘረጋል። ርካሽ ባለ 10 ቢት መዝጋቢ ከ0 እስከ 20 ሚሊአምፔር ያለውን በ1024 ደረጃ ስለሚከፋፍለው እያንዳንዱ ደረጃ 1.8 ሴንቲ ሜትር ይሆናል፤ ሁለት ሚሊሜትር የሚለይ መሣሪያ ገዝቶ ሁለት ሴንቲ ሜትር ማንበብ ማለት ነው። መለኪያውን ወንዙ በእርግጥ ወደሚደርስበት 6 ሜትር ሳጠብበው ደረጃው ወደ 7 ሚሊሜትር ወረደልኝ። ፍጆታው ከአንድ ሦስተኛ ዋት በታች ስለሆነ አንድ አነስተኛ የፀሐይ ሰሌዳና የሞተር ሳይክል ባትሪ ክረምቱን በሙሉ ያለ ችግር ይዘውታል።

መሣሪያው የማይችለውንም በግልጽ ማስቀመጥ ይገባል። አንድ ነጥብ ላይ ከፍ ዝቅታን ይናገራል፤ ማዕበሉ ከየት ወዴት እንደሚሄድ ግን አያውቅም። በባሕር ላይ ለዚህ ሁለት መንገድ አለ። አንዱ እንደ ኤኮፊስክ ብዙ መለኪያዎችን በጥቂት ሜትር ልዩነት መደርደር ነው። ሌላው መርከቦች ለጉዞ የሚጠቀሙበትን ዓይነት የሚሽከረከር ራዳር መድረኩ ላይ መትከል ነው፤ ይህ ራዳር ከባሕሩ ጥቃቅን ሽብሽብ የሚመለስለትን፣ መርከበኞች እንደ ረብሻ የሚያጠፉትን ምልክት፣ ሰብስቦ የማዕበሉን አቅጣጫና ርዝመት በብዙ ኪሎ ሜትር ዙሪያ ያነባል። ነፋስ ፈጽሞ ካልነፈሰና ሽብሽብ ከሌለ ግን የሚያየው ነገር የለውም፤ ከፍታውን በቁጥር ለመስጠትም ከሌላ መለኪያ ጋር መስተካከል አለበት። ቡይ የሚባለው ተንሳፋፊ መለኪያ አቅጣጫውንም ከፍታውንም ይሰጣል፤ ሆኖም ከውሃው ጋር ስለሚንሳፈፍ ከሾሉ የማዕበል ጫፎች ጎን ሊንሸራተትና ጫፉን ሊያሳንስ ይችላል። ከመድረክ ላይ ቆሞ የሚመለከት ራዳር ከቦታው ስለማይነቃነቅ በዚህ በኩል ይበልጠዋል።

ስለ ሻጩ ባጭሩ ልናገር። ዕቃው በጊዜው ደርሶልኛል፤ ነገር ግን በደረሰኙ ላይ የተጻፈው የማንጠልጠያ ብረት በሣጥኑ ውስጥ አልነበረም፤ ደጋግሜ ደውዬ ከሦስት ሳምንት በኋላ ነው የመጣልኝ። እስከዚያው ኮምቦልቻ ውስጥ አንድ በያጅ ከአንግል ብረት ሠርቶልኝ ስለነበር ዛሬም ተሰቅሎ ያለው በእርሱ ሥራ ነው፤ ከፋብሪካው ይልቅ ጠንካራ ነው። ስለ ማለስለሻው ቅንብር ስጠይቃቸው ግን ጥያቄዬን የተረዳልኝ ሰው አላገኘሁም። ሻጮች የሚሸጡትን ዕቃ ለወንዝና ለግድብ የሚገዛ ሰው መኖሩን አውቀው ቢያንስ አንድ ገጽ ማብራሪያ በአማርኛ ቢያዘጋጁ ለብዙ ወረዳ የውሃ ባለሙያዎች ታላቅ አገልግሎት ይሆናል።

ለድልድይ፣ ለመስኖ ቦይ፣ ለግድብና ለፋብሪካ ጋን ይህን መሣሪያ ያለማመንታት እመክራለሁ። በጎርፍ ለሚሰጋ ሰፈር ከላይኛው ተፋሰስ አንድ ቢሰቀልና ምልክቱ በስልክ መስመር ቢላክ፣ ሰዎች ዕቃቸውንና ከብቶቻቸውን ለማንሣት ጊዜ ያገኛሉ፤ ለዚህ ሥራ አንዱን በነጻ ለመትከል ፈቃደኛ ነኝ።

ለማዕበል ግን እንዳለ አልመክረውም። ከደሴ በስተ ሰሜን ባለው ሐይቅ ላይ ከጀልባ ማረፊያው ልሰቅለውና ነፋሱ የሚያስነሣውን ማዕበል ልለካ አስቤ ነበር፤ አባቴን ወስጄ ላሳየውም ቃል ገብቼለት ነበር። ከዚያ በፊት ግን ሒሳቡን ሠራሁት። መሣሪያው ማለስለሻው ጠፍቶም ቢሆን አዲስ ንባብ የሚሰጠው በሰከንድ አንድ ጊዜ ያህል ነው። በሰሜን ባሕር 12 ሰከንድ የሚፈጅ ማዕበል ላይ በዚህ ፍጥነት 12 ነጥብ ይገኛል፤ ያም ሆኖ ንባቡ ጫፉን በግማሽ ሰከንድ ቢስተው 18.5 ሜትር ከፍ ካለው ጫፍ ላይ 60 ሴንቲ ሜትር ያህል ሊጎድል ይችላል። ሐይቅ ላይ ደግሞ ነፋሱ የሚሮጥበት ውሃ ጥቂት ኪሎ ሜትር ብቻ ስለሆነ፣ ጠንከር ያለ ነፋስ የሚያስነሣው ማዕበል ከፍታው ሠላሳ ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው፤ ከአንዱ ጫፍ እስከ ቀጣዩ ጫፍ የሚፈጀውም ሁለት ሰከንድ ያህል ብቻ ነው። በየሰከንዱ አንድ ጊዜ የሚለካ መሣሪያ ማዕበሉን አንድ ጊዜ ሲወጣ፣ አንድ ጊዜ ሲወርድ፣ ሁለቱንም በመካከሉ ላይ ሊያገኘውና ውሃው ፈጽሞ የረጋ ነው ብሎ ሊመዘግብ ይችላል። ለዚያ ቢያንስ በሰከንድ አራት ጊዜ የሚለካ ያስፈልገኛል። አምራቹን በደብዳቤ ጠይቄአለሁ፤ የውስጥ ፕሮግራሙን በመቀየር እንደሚቻል ከመለሱልኝ አባቴን ይዤ በጥር ሐይቅ እሄዳለሁ፤ ካልሆነም መሣሪያው ቦርከና ላይ እንደተሰቀለ ይቆያል።